የካፒቴኑ ቃል

ከኒው ዮርክ ከተማ ተነሥቶ በሎንግ አይላንድ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ መንገዱም የባቡሩ ሐዲድም በሚያልቅበት ስፍራ፣ ከማንሃተን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሞንታውክ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ይደርሳል። ከመንደሪቱ ባሻገር፣ የብስ አልቆ ውሃ ብቻ በሚታይበት ጫፍ ላይ፣ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ዘመን ታዝዞ በ1796 ተሠርቶ የተፈጸመው የመብራት ማማ ቆሟል። ከማማው በታች፣ ባሕሩ በሚሞላበትና በሚጎድልበት ሰዓት፣ ከሎንግ አይላንድ ሳውንድ በኩል የሚወርደው ውሃና ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው ውሃ እየተጋጩ፣ ከሥራቸው ባለው የአሸዋና የቋጥኝ ጉብታ ላይ እየተንከባለሉ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ የሚናወጥ ነጭ መስመር ይሠራሉ። ትንንሾቹ ዓሦች በዚህ ግጭት ውስጥ አቅጣጫቸው ጠፍቶባቸው ሲንገላቱ ትልልቆቹ ከሥር ሆነው ይጠብቋቸዋል፤ ከሚጠብቁትም መካከል እጅግ ነጣቂ የሆነው ብሉፊሽ የሚባለው ነው።

ይህን ዓሣ ለማጥመድ የሚሻ፣ ነገር ግን የራሱ ጀልባ የሌለው ሰው፣ በሞንታውክ ወደብ ሁለት ዐይነት ጀልባ ያገኛል። አንደኛው እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚከፍልበት፣ የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች በጠርዙ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ቆመው የሚያጠምዱበት ትልቅ ጀልባ ነው፤ ሁለተኛው ጀልባውን ከነካፒቴኑና ከነረዳቱ ለራስና ለወዳጅ ብቻ የሚይዙት ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ረጅም ሐተታ አያሻውም፤ የፊተኛው በየወንበሩ እንደሚከፈልበት ታክሲ፣ የኋለኛው እንደ ኮንትራት ታክሲ ነው። በኮንትራቱ ጀልባ ዋጋው የጀልባው እንጂ የሰው አይደለምና፣ ሁለት ሆነውም ስድስት ሆነውም ቢሄዱ ሒሳቡ ያው ነው፤ ስለዚህ ባልንጀሮች ተሰባስበው ካልተካፈሉት በቀር ለአንድ ሰው ኪስ የሚከብድ ነገር ነው።

በብሮንክስ የሚኖሩ ጥቂት ወገኖቻችን ወደዚህ ባሕር ለመውጣት በተማከሩ ጊዜ እኔም ከማኅበሩ ተቆጥሬ ነበር። ወሩ ነሐሴ ስለ ነበረ በፍልሰታ ጾም ውስጥም ቢሆን እንሂድ የሚል አልጠፋም፤ ዳሩ ግን ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው አሮጌ ክርክር በእኛ ዘንድ ዛሬም አልተቋጨምና፣ የማኅበሩ ታላቅ የሆኑት፣ በጣና ዳር ያደጉትና ከማናችንም ይልቅ ዓሣ የሚያውቁት ጋሼ፣ «የሚያከራክር ነገር ከምበላ ጥቂት ቀን ብታገሥ ይሻለኛል፤ ፍልሰታ ይለፍ» ብለው ነገሩን ዘጉት። እንግዲህ ከጾሙ ፍቺ በኋላ የሚመጣው ቅዳሜ ተመረጠና የእኅታቸው ልጅ ለአንድ የኮንትራት ጀልባ ካፒቴን ስልክ ደወለ። ዋጋ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት ካፒቴኑ ቀደመው።

«ስንት ናችሁ?»

«ሰባት ነን፤ ሰባተኛው ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ነው።»

«እንግዲያው አንዳችሁ ትቀራላችሁ። የታቀፈ ሕፃንም ቢሆን እንደ አንድ መንገደኛ ይቆጠራል፤ ከስድስት በላይ አልጭንም።»

ወጣቱ ተጨማሪ ገንዘብ እንከፍላለን እያለ ሊያባብለው ቢሞክርም ካፒቴኑ እንዳልሰማ ሆኖ ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ከመካከላችሁ አለ ወይ ወደሚለው ጥያቄ ተሻገረ። የዚህን ሰው ግትርነት ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ በዚያው በሞንታውክ ባሕር ላይ የሆነውን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ነሐሴ 26 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1 ቀን 1951 (ከዚህ በፊት የጠቀስሁትም ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከአሜሪካ ሠራተኞች በዓል አስቀድሞ የሚውለው ቅዳሜ ነበር። በዚያ ዘመን ለዓሣ አጥማጆች ተብሎ የተመደበ ባቡር የኒው ዮርክን ሠራተኛ በማለዳ ጭኖ ወደቡ አጠገብ ያራግፈው ነበርና፣ ሕዝቡ ከባቡሩ ዘልሎ እየወረደ ቦታ ለመያዝ ወደ ጀልባዎቹ ይሽቀዳደም ነበር። ፔሊካን የምትባለው፣ ርዝመቷ 13 ሜትር የማይሞላ ጀልባ፣ በዚያ ቀን 62 መንገደኞች ተሳፈሩባት፤ ካፒቴኑና ረዳቱ ሲጨመሩ 64 ነፍስ ሆኑ፤ ይህም ከአቅሟ እጅግ የበዛ ነበር። እስከ ረፋድ ድረስ ደኅና የነበረው አየር ተለውጦ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ መጣ፤ ባሕሩ ሲጎድል ወደ ውቅያኖስ የሚወጣው ውሃና ነፋሱ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ከሁለቱ ሞተሮቿም አንዱ ታወከ። ጀልባይቱ እያዘገመች ስትመለስ፣ ከመብራት ማማው ብዙ ሳትርቅ፣ ሰዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ባጋደሉበት ቅጽበት ማዕበል ገለበጣት። ካፒቴኑን ጨምሮ 45 ሰዎች ሞቱ፤ 19 ተረፉ።

ይህና ይህን የመሳሰሉ አደጋዎች ካስነሡት ክርክር በኋላ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1956 ባወጣው ሕግ፣ ከስድስት በላይ መንገደኞችን በገንዘብ የምትጭን ጀልባ ሁሉ በመንግሥት መርማሪዎች እየታየች ስንት ሰው መያዝ እንደምትችል በምስክር ወረቀት እንዲጻፍባት አዘዘ። ስድስት የምትለው ቍጥር ድንበር ሆና የቀረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ጀልባ ከአካሉ እስከ ሞተሩ ይመረመራል፤ ከድንበሩ ወዲህ ያለው፣ ማለት ብዙው የኮንትራት ጀልባ፣ ለየመንገደኛው የሚበቃ የመንሳፈፊያ ልብስ፣ የእሳት ማጥፊያና የምልክት መሣሪያ መያዝ ቢኖርበትም፣ ያን የመሰለ ምርመራ ግዴታ የለበትም። በዚህ ዐይነቱ ጀልባ ላይ ሕግ ይበልጥ የሚመረምረው ሰውየውን ነው። ካፒቴን ለመባል ቢያንስ 360 ቀን በባሕር ላይ የሠራ መሆኑን ማስመስከር፣ የጤና ምርመራና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ማለፍ፣ የመርከብ ጕዞን ሥርዐት ተፈትኖ ኮስት ጋርድ ከሚባለው የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ሠራዊት ፈቃድ መቀበል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጀልባ የሚከራይ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው በቅድሚያ ለአንድ ሰው ማስተዋል ነው ብል አላጋነንሁም፤ ዓሣውማ የማንም ስላልሆነ ካፒቴኑ ሊሸጠው አይችልም።

ይህ ከታወቀ ዘንድ በስልክ የሚጠየቀው ነገር ራሱ ሌላ መልክ ይይዛል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስንት ዓሣ እንይዛለን ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ቍጥር የሚመልስ ካፒቴን ቢገኝ ስልኩን ዘግቶ ሌላ መፈለግ ይሻላል። የሚጠቅመው ጥያቄ የኮስት ጋርድ ፈቃድህ የጸና ነው ወይ፣ ቀብዱ ስንት ነው፣ አየሩ ቢከፋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል፣ ቀኑን የሚሰርዘው ማነው የሚለው ነው። ዘንጉ፣ ክሩና መንጠቆው በኪራዩ ውስጥ የሚካተት መሆኑ የተለመደ ነው፤ በኒው ዮርክ ግዛት ሌላ ጊዜ ከባሕር አጥማጅ የሚፈለገው ምዝገባም ፈቃድ ባለው የኮንትራት ጀልባ ለሚሳፈር እንግዳ አያስፈልገውም። ለረዳቱ የሚሰጠው ጉርሻ ግን ከኪራዩ ውጭ ነው፤ ልማዱ ከኪራዩ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ሲሆን፣ እርሱን ሳያስቡ መሄድ በወደቡ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል። የእኛ ካፒቴን ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ የመጨረሻ ቃሉን እንዲህ ሲል ተናገረ፤ «ዐርብ ማታ እደውላለሁ። እንሄዳለን ካልሁ እንሄዳለን፤ አንሄድም ካልሁ አትከራከሩኝ።»

ዐርብ ማታ ደወለና አንሄድም አለ። በብሮንክስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት ይታዩ ነበርና ወጣቱ መናደዱ አልቀረም፤ «ፀሓይ ቢሆንስ ነገ? ምን ፈርቶ ነው?» እያለ በቤቱ ውስጥ ተንጎራደደ። ካፒቴኑ የፈራው በከተማ ሰማይ ላይ የማይታይ ነገር ነበር፤ ንጋት ላይ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንደሚዞርና ያም ከባሕሩ መጕደል ሰዓት ጋር እንደሚገጥም ከትንበያው አንብቧል፤ የፔሊካን ነፋስ ማለት ነው። በቅዳሜ ፋንታ እሑድን ሰጠን። ጋሼ ግን ስልኩን ከልጁ እጅ ተቀብለው፣ በእርጋታና በሰባራ እንግሊዝኛ፣ እሑድ ቅዳሴ እንዳለባቸው ነገሩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ማክሰኞ ይሁን ተባለ፤ ከሥራ የሚያስቀር ቀን ቢሆንም ከስድስታችን የቀረ የለም። ገቢውን በገዛ ቃሉ የሚሰርዝ ነጋዴ በዚህ ዓለም ብዙ አይገኝምና፣ እኔ በበኩሌ ሰውየውን ያመንሁት ገና ሳላየው በዚያች ዐርብ ማታ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ሊኔየስ በ1766 በሳይንስ ስም የመዘገበው ይህ ዓሣ በወገኑ ውስጥ ዛሬ ብቻውን የቀረ ነው፤ የቅርብ ዘመድ የሚባል ሌላ ዝርያ በሕይወት የለውም። ብቸኛ ይሁን እንጂ መኖሪያው ሰፊ ነው፤ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሜዲትራኒያንና በጥቁር ባሕር፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ዳርቻ ይገኛል። በኢስታንቡል ቦስፎር ላይ የመኸር ወራት ሲደርስ ከተማው ሁሉ የሚናፍቀው ሉፈር የሚባለው ዓሣ ይኸው ነው። ጀርባው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ፣ ሆዱ ብር የመሰለ፣ ታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት የወጣ ሲሆን፣ በሁለቱም መንጋጋ በአንድ ረድፍ የተሰደሩት ጥርሶቹ ክር ብቻ ሳይሆን ጣትም ይቈርጣሉ። እስከ 12 ዓመት ይኖራል፤ በዘንግ ከተያዙት ሁሉ ትልቁ ተብሎ የተመዘገበው በ1972 በሰሜን ካሮላይና ከሃተራስ የወጣው ሲሆን ክብደቱ 14.4 ኪሎ ነበር። በሕይወቱ ሁሉ ከእኩዮቹ ጋር ይጓዛል፤ አንድ መንጋ ውስጥ ያሉት ሁሉ በቁመት የሚቀራረቡ ናቸው፤ ምክንያቱም ታላቁ ታናሹን ይበላዋል።

ፀደይ ሲገባ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በጋውን በኒው ዮርክና በኒው ኢንግላንድ ጠረፍ ያሳልፋል፤ መኸር ሲገባ እየሰባ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ይህን ዑደት ጠብቆ ይመጣል ብሎ የተማመነበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አፍሯል። በዚሁ ጠረፍ ባለችው በናንተኬት ደሴት በ1763 እና በ1764 በተነሣው መቅሠፍት፣ ከደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ከ358 ነፍስ 222ቱ ሞቱ፤ በዚያው በ1764 ብሉፊሽ ከደሴቲቱ ውሃ ጠፋ፤ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እስኪመለስም ድረስ አንድ ሙሉ ትውልድ ሳያየው አለፈ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ስለ ተገጣጠሙ የደሴቲቱ ሰዎች አንዱን ከሌላው ጋር አያይዘው ይተርኩት ነበር፤ መያያዛቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ባይኖርም፣ ያን ያህል ሰው በቀበረ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ትርጓሜ መነሣቱ የሚገርም አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1871፣ የጠረፍ ዓሦች እየመነመኑ ሄዱ የሚል ጩኸት ስለ በዛ የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የዓሣ ኮሚሲዮን ሲያቋቁም፣ በኮሚሲዮኑ ላይ የተሾመው ሊቅ ስፔንሰር ቤርድ ከመረመራቸው ተከሳሾች አንዱ ብሉፊሽ ነበር፤ ለሆዱ ከሚበቃው በላይ የሚገድል አጥፊ መሆኑንም በሰፊው ጽፎበታል።

ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ከወደቡ ደረስን። ካፒቴኑ ድምፁ ካስገመተን ይልቅ አጭርና ዝምተኛ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ረዳቱ ግን ለሁለቱም ይናገር ነበር። የመንሳፈፊያ ልብሶቹ ያሉበትን አሳየን፤ ከዚያም ጣቱን እያነሣ፣ «አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እነግራችኋለሁ፤ ዓሣው ከጀልባው ወለል ላይ ከወደቀ በኋላም ይነክሳል። መንጠቆውን የማወጣው እኔ ነኝ፤ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ» አለን። በክሩ ጫፍና በመንጠቆው መካከል የሽቦ ቍራጭ ታስሮበታል፤ በመንጠቆው ላይም የተሰካ ምግብ የለም፤ ሲሳብ ብልጭ የሚል፣ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ረጅም ብረት ብቻ ነው። ብሉፊሽ የሚሸሸውን ሁሉ የሚያሳድድ ስለ ሆነ፣ ብረቱ እስከ ባሕሩ ወለል ይለቀቅና በፍጥነት ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ቀስ ብሎ የሚጠቀልል ሰው ባዶውን ይቀራል።

የካፒቴኑ ሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከነጩ መስመር ራቅ ብሎ ወፎቹን ተመለከተ፤ ውሃው ላይ የዘይት ዐይነት ለስላሳ ገጽ ባየበት ስፍራም ሞተሩን አቀዝቅዞ አየሩን አሸተተ፤ የሚበላ ብሉፊሽ ያለበት ውሃ የሐብሐብ ሽታ አለው ይላሉ አጥማጆቹ። ሽታውን እኔ አላገኘሁትም፤ እርሱ ግን ጀልባውን ከሞገዱ መነሻ በላይ ወስዶ ሞተሩን ሥራ ፈት አደረገና፣ ውሃው በጉብታው ላይ እንዲያሳልፈን ተወን። «ጣሉ!» ሲል ስድስት ብረት በአንድ ጊዜ ሰመጠ። ጉብታውን አልፈን ወደ ጥልቁ ስንወርድ «አውጡ!» ይላል፤ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደግሞ ይለቀናል። ሁለት ጊዜ ባዶአችንን አለፍን። በሦስተኛው የጋሼ ዘንግ እስከ ውሃው ጎበጠ።

«ጋሼ፣ ልርዳዎት?» አለ የእኅታቸው ልጅ።

«ተው ልጄ፤ ቆሮሶ መሰለህ እንዴ? ይህስ ከእኔ ጋር ይነጋገር።»

ዓሣው ከውሃው ዘልሎ ራሱን እያራገፈ ወጣ፤ ወደቀ፤ ዳግመኛ ዘለለ። እርሳቸው በልጅነታቸው በደንገል ታንኳ ላይ ሆነው የሚያውቁት የጣና ዓሣ እንዲህ አይዋጋምና፣ ፊታቸው ላይ የነበረው መገረም ከደስታቸው ይበልጥ ነበር። በመጨረሻው ረዳቱ በመረብ ተቀበለና፣ ብረቱን በረጅም ጕጠት አላቅቆ፣ ወዲያው ጉሮሮውን በጥቶ ደሙን ካፈሰሰ በኋላ በረዶ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ ማንም ማንንም የሚያይበት ፋታ አልነበረም፤ የአንዱ ክር ከሌላው ጋር ይጠላለፋል፣ ረዳቱ ከወዲህ ወዲያ ይዘላል፣ ወለሉ በደምና በቅርፊት ይንሸራተታል።

በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ሞተሩ ተነሣና ካፒቴኑ «እስከ ነገ ስንቱን ትበላላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ቀድሞ በአንድ ሰው 15 ዓሣ ይፈቀድ ነበር፤ በ2019 ግን መንጋው ከሚገባው በታች መመንመኑ በጥናት ስለ ተረጋገጠ፣ በ2020 ከባሕር ዳርና ከግል ጀልባ ለሚያጠምድ 3፣ በኪራይ ጀልባ ለሚሳፈር 5 እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ዓሣ ላይ እንዲህ ያለው ገደብ በተለይ እንደ እኛ ባሉት እንግዶች ላይ የሚወድቅበት ምክንያት አለ፤ ከ2022 ወዲህ ባለው ድልድል ከሚፈቀደው ሁሉ ከመቶ 86ቱ የመዝናኛ አጥማጆች ድርሻ ሲሆን ለገበያ የሚያጠምደው የሚደርሰው 14ቱ ብቻ ነውና፣ መንጋውን ያመነመኑት መረበኞች ናቸው ብሎ ማማረር አያዋጣም። ገደቡ ሊለወጥ ስለሚችል ቀኑን ሲይዙ ካፒቴኑን መጠየቅ ይገባል። እኛ በዚያ ቀን በሕግ 30 መያዝ እንችል ነበር፤ ግማሹን ሳንሞላ በቃችሁ አለን። ወጣቱ ሊከራከር ሲል ጋሼ በዐይናቸው ገሠጹት።

የካፒቴኑን ምክንያት የተረዳሁት ወደብ ደርሰን ረዳቱ ዓሦቹን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሲበልት ነው። ሥጋው እንደ ቆሮሶ ነጭ አይደለም፤ ጠቆር ያለ፣ ዘይት የበዛበት ነው። ይህ ዘይት ትኩስ ሲሆን የሚያጣፍጠውን ያህል፣ ሲያድር ያከረፋዋል፤ በበረዶ ሳይቀዘቅዝ ከዋለም ሂስታሚን የሚባለው ነገር በውስጡ ተፈጥሮ፣ ማብሰል እንኳ የማያጠፋው ዐይነት መመረዝ ያመጣል። ትልልቆቹ ብዙ ዘመን ሌላውን ዓሣ ሲበሉ ስለ ኖሩ ሜርኩሪ ይጠራቀምባቸዋል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለነፍሰ ጡሮች በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ከሚበሉት ክፍል መድቦታል። ረዳቱ በጎን በኩል ያለውን ጥቁር ሥጋ ቈርጦ ለወፎች እየጣለ፣ ትንንሾቹን በሎሚና በሰናፍጭ ዛሬውኑ ጥበሱ፣ ትልልቆቹን በጢስ አድርቁ አለን። ጋሼ በጨዋነት አመሰገኑት፤ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ሚጥሚጣ ያልነካው ዓሣ እንደማይበሉ ገለጡልን። እንደ ኦሪቱ ሕግ ክንፍና ቅርፊት ያለው በመሆኑ ከዚያ በላይ የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም።

ከመለያየታችን በፊት ጉርሻው ለረዳቱ ተሰጥቶ፣ ወጣቱ ለጥቅምት ሌላ ቀን እንዲያዝልን ጠየቀ፤ ያን ጊዜ ብሉፊሽ መንሃደን የሚባለውን ቅባታም ዓሣ እየጠገበ ወደ ደቡብ የሚያልፍበት ሰሞን ስለ ሆነ ትልልቁ በብዛት ይገኛል። ካፒቴኑ መዝገቡን ገልጦ፣ በጥቅምት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ስለሚበረታ ከአንዱ ቀን ጋር ተለዋጭ ቀን ካልተጻፈ ቀብድ እንደማይቀበል ተናገረ። ጋሼ ከኪሳቸው የቤተ ክርስቲያን የቀን መቍጠሪያ አወጡ፤ ተለዋጭ ተብሎ የቀረበው የመጀመሪያው ቀን የወሩ ማርያም ሆኖ ተገኘና ተሰረዘ፤ ሁለተኛው ጸና፤ ቀብዱም ተከፈለ።